ድንቹን ውርጭ መታው፣ ወረዳውም ፊት ነሳን

*ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ውስጥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የ5ኛና የ6ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ መምህርት ነኝ። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ጋር ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ አራት መደብ ቆፍረን ድንች፣ ካሮትና ጎመን ተከልን። ርዕሰ መምህሩ አልከለከሉኝም፤ አልረዱኝምም። ኅዳር ላይ ለዘር፣ ለውኃ ማጠጫና ለአጥር 18 ሺህ ብር እንዲፈቀድልን ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጻፍን። «በጀት የለም» ተባልን። ታኅሣሥ ላይ ድንቹን ውርጭ መታው። በዚያው ሳምንት ሱፐርቫይዘሩ መጥተው በግብረ መልስ መዝገቡ ላይ «ተማሪዎች በክፍለ ጊዜ ሲቆፍሩ ተገኝተዋል፤ ይታረም» ብለው ጻፉ። አንዳንድ ወላጅም «ልጄን የላክሁት ከሞፈር እንዲላቀቅ ነው» ይላል። ልጆቹ ግን እሁድ ሳይቀር ውኃ ይዘው ይመጣሉ። ልተወው ወይስ ልግፋበት? ከገፋሁበትስ የወረዳውን ድጋፍ እንዴት ላግኝ?*

*መምህርት፣ ከሰሜን ሸዋ*

ልጄ፣ አትተይው። እሁድ ውኃ ይዞ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ በቀላሉ አይገኝም። የጠየቅሽበትን መንገድ ግን ለውጪው። ሱፐርቫይዘሩ የጻፉትንም እንደ ክፉ ቃል አትቁጠሪው፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠውን ሰው ላስተዋውቅሽ። እኔ በዚያው በደጋው ርዕሰ መምህር ነበርኩ፤ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በባለሙያነት ሠርቻለሁ። እንዳንቺ ያለ ደብዳቤ ብዙ በእጄ አልፏል፤ «በጀት የለም» ብዬ የመለስኩትም ብዙ ነው። ከክፋት አልነበረም። በወረዳ የትምህርት በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የመምህራን ደመወዝ ነው። የተረፈችው የሥራ ማስኬጃ ለነዳጅ፣ ለውሎ አበልና ለፈተና ወረቀት እንኳ አትዳረስም። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ያለችው ብር ያኔ በየርዕሱ ተደልድላ ታልቃለች። ኅዳር ላይ «18 ሺህ ብር ለአትክልት» የሚል ደብዳቤ ሲገባ፣ ባለሙያው ልቡ ቢወደው እንኳ ወጪውን የሚያሳርፍበት ርዕስ የለውም። በዚያ ላይ መጽሐፍ አልተዳረሰም፣ የሚያፈስ ጣሪያ አለ፣ በጦርነቱ የተጎዱ ትምህርት ቤቶች ጥገና ይጠብቃሉ። ያንቺ ጎመን ከእነዚህ ጋር ተሰልፎ ብር ሲጠይቅ ይሸነፋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ አንድ ብር እንኳ አትጠይቂ። የምትጠይቂው ቦታ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ አንዲት ረድፍ።

የዕቅድ ቅጹን ታውቂዋለሽ፤ ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ መለኪያ፣ ዒላማ፣ የሚከናወንበት ጊዜ፣ ፈጻሚ አካል ይላል። እንዲህ ብለሽ ሙዪው፦ ዝርዝር ተግባር «የአትክልት ቦታውን ለአካባቢ ሳይንስና ለሒሳብ የተግባር ትምህርት መጠቀም»፤ መለኪያ «የተሰጠ ክፍለ ጊዜ በቁጥር»፤ ዒላማ «24»፤ ጊዜ «ከመስከረም እስከ ግንቦት»፤ ፈጻሚ «የአካባቢ ሳይንስና የሒሳብ መምህራን፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ»። በጀት በሚለው ሳጥን ውስጥ ሰረዝ አድርጊበት። ይህች ረድፍ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ከገባች በየሩብ ዓመቱ «ከ24ቱ ስንት ተከናወነ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጠያቂ ያለው ሥራ በወረዳ ደረጃ ሕልውና አለው። ርዕሰ መምህሩም ከዚያ ወዲያ ዝም ብለው ማየት አይችሉም፤ ሪፖርቱን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው።

መለኪያውን ልብ በይልኝ። ክፍለ ጊዜ ያልኩሽ አውቄ ነው። «ኩንታል» ብለሽ ከጻፍሽ ኩንታል ትጠየቂያለሽ፤ ያን ጊዜ ልጆቹ የቀን ሠራተኛ ይሆናሉ። ብዙ የትምህርት ቤት እርሻ የተበላሸው በዚህ ነው። በደርግ ዘመን ግብርና እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ እኔም በልጅነቴ የትምህርት ቤቱን ድንች በጆንያ ተሸክሜያለሁ። ድንቹ የት እንደገባ ግን የነገረን የለም። ዛሬ «ከሞፈር እንዲላቀቅ ነው የላክሁት» የሚልሽ ወላጅ ምናልባት ከእኔ ጋር ጆንያ የተሸከመ ነው። «ለምገባ ይሆናል» ብለሽም ቃል አትግቢ። ትምህርት ቤትሽ 600 ተማሪ ቢኖረው፣ ለአንዱ 100 ግራም ጎመን ብትሰጪ በቀን 60 ኪሎ ማለት ነው። አራት መደብ ይህን አይችልም። ያልተፈጸመ ቃል ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ጥያቄሽ እንቅፋት ይሆናል።

ረድፏን የምታስገቢበትም በር አለ። የትምህርት ቤት መሻሻል መርሃ ግብር አራት ዐበይት ርዕሶች አሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ሰው ሁሉ አትክልትን «ምቹ የመማሪያ አካባቢ» ውስጥ ከአበባና ከሣር ጋር ይከተዋል። እዚያ አታስገቢው፤ እዚያ የገባ ነገር ማስዋቢያ ሆኖ ይቀራል። «መማር ማስተማር» ውስጥ አስገቢው። የኢንስፔክሽን ቡድን ትምህርት ቤቱን ከደረጃ 1 እስከ 4 ሲመዝን የተማሪ ተሳትፎንና የተግባር ትምህርትን ይጠይቃል፤ ርዕሰ መምህርሽ የሚያሳዩት ነገር ያገኛሉ። ይህን ስትነግሪያቸው ዓይናቸው ሲከፈት ታያለሽ።

ወደ ሱፐርቫይዘሩ ልመለስ። ልጄ፣ የጻፉት ልክ ነው። በክፍለ ጊዜ መቆፈር ያለ ትምህርት ዕቅድ ከሆነ ጉልበት ሥራ ነው። መቆፈሩን፣ አጥሩን፣ ድንጋይ መልቀሙን ቅዳሜ ከወላጅ ጋር በዘመቻ ጨርሱት። በክፍለ ጊዜው የሚገባው መቁጠር፣ መለካትና መመዝገብ ብቻ ይሁን። ሃያ የካሮት ዘር በመስመር ተዘርቶ 13 ቢበቅል 65 በመቶ ነው፤ ይህ የመቶኛ ትምህርት ነው፣ በተከታታይ ምዘናም ይያዛል። የመደቡ ዙሪያና ስፋት የሒሳብ መምህሩ ድርሻ ነው። የዕለቱን የትምህርት ዕቅድ በአቃፊ ያዢ፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጡ መጀመሪያ አቃፊውን፣ ቀጥሎ መደቡን አሳያቸው። የተግባር ምርምር መሥራት አለብሽ አይደል? ርዕስሽን ከዚያው አውጪው።

ያ በውርጭ የጠቆረው ድንች ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነበር። አንድ ነገር ላጫውትሽ።

ርዕሰ መምህር በነበርኩበት ጊዜ በግቢያችን ቁልቁለት ላይ ድንች ነበረን። የላይኛው መደብ የድንጋይ ካብ ተጠግቶ፣ የታችኛው ሜዳው ላይ ነበር። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት፣ ሰማዩ ሌሊቱን ጠርቶ ያደረ ዕለት፣ የወረዳው ኃላፊ ስለ መጸዳጃ ቤት ሊያዩ ድንገት መጡ። 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ አመዳዩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተጋድሟል። የታችኛው ድንች የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ጠቁሮ ተኝቷል፤ ካቡ ሥር ያለው ቆሟል። እኔ አፍሬ ኃላፊውን በሌላ በኩል ልወስዳቸው ስል አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ማንም አላዘዛትም። «ጋሼ፣ ብርድ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ከታች ተጠራቅሞ ያድራል» አለቻቸው። ካቡን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ «ይሄ ደግሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ያወጣዋል። ትናንት ማታ 1 ሰዓት ላይ ነክተነው ይሞቅ ነበር፤ ጽፈነዋል» ብላ ገጹን ገለጠችላቸው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ «ካብ ሞቃት፣ አፈር ቀዝቃዛ» የሚል በእርሳስ የተጻፈ ነበር።

ኃላፊው መጸዳጃ ቤቱን ረሱት። አርባ ደቂቃ ያህል ደብተሯን እያገላበጡ ጠየቋት። በሁለተኛው ሳምንት ለግብርና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጽፈውልን ዘር መጣልን። እኔ በትምህርት ቤትም በወረዳም ሥራዬ ሁሉ እንደዚያች ልጅ አንድን ባለሥልጣን ያሳመነ ሰው አላየሁም።

ታሪኩ እዚያ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሁለት ዓመት ጥሩ ሄደ። ከዚያ ኃላፊው ተቀየሩ፤ እኔም በነሐሴ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ አትክልቱ በእኔና በኃላፊው ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በአንድም ዕቅድ፣ በአንድም ቃለ ጉባኤ አልተጻፈም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ለቅሶ ሄጄ በግቢው ባልፍ ቦታው በሙሉ ባህር ዛፍ ተተክሎበታል፤ ለውስጥ ገቢ ተብሎ። በባህር ዛፉ መሐል መደቡን ያጠርንበት ድንጋይ በመስመር በመስመሩ ሆኖ ይታያል። ማንንም መውቀስ አልቻልኩም። አዲሱ ርዕሰ መምህር ያ ቦታ የትምህርት ቦታ መሆኑን የሚያውቅበት አንድ ወረቀት አልተውኩለትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ስለ ረድፏ ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽም ለዚህ ነው።

አሁን መጋቢት ነው፤ ጊዜ አለሽ። በዚህ ወር ውስጥ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱን አሰብስቡና ቃለ ጉባኤ ያዙ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሦስት ጉዳይ በግልጽ ይስፈር፦ ቦታው ለትምህርት ብቻ እንደሚውል፣ ከነስፋቱና ከነአዋሳኙ፤ ክረምት ማን እንደሚጠብቀው፤ ምርቱ ለማን እንደሚሆን። የመጨረሻውን አታድበስብሱት። የሚሸጥ ካለ በሕጋዊ ደረሰኝ ወደ ውስጥ ገቢ ይግባ፤ ስንት እንደተገኘም በወላጅ ስብሰባ ላይ ይነበብ። እንዲህ ሲሆን ጆንያ የተሸከመው ወላጅም ልቡ ይለሰልሳል። ከእሱ ጋር ግን አትከራከሪ። ልጁ ደብተሩን ፊቱ ቆሞ ያንብብለት።

የክረምቱ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ትምህርት የሚዘጋው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ነውና አትክልቱ ባለቤት ያጣል። ሰኔ ላይ ከመበተናችሁ በፊት ባቄላ ዝሩበት። ውኃ አጠጡኝ አይልም፣ አፈሩንም ያድሳል፣ መስከረም ላይ ልጆቹ ሲመለሱ አበባና እሸት ያገኛሉ። ለጥበቃው የምርቱ ድርሻ ይሰጠው፤ ይኸውም ይጻፍ።

ሚያዝያ ላይ ረቂቅ ዕቅዱን ሥሪ። ወደ ወረዳው ከመላኩ በፊት ግን ወስደሽ ለሱፐርቫይዘሩ አሳያቸው። «የሰጡኝን ግብረ መልስ ተቀብዬ እንዲህ አስተካክያለሁ፤ ይዩልኝ» በያቸው። ያ መዝገብ ላይ የሰፈረው ቃል ያኔ ከክስነት ወጥቶ ያንቺ ሥራ መነሻ ይሆናል። የተቀበለችውን ግብረ መልስ በሥራ ያሳየች መምህርት ለሱፐርቫይዘር ብርቅ ናት፤ እሳቸውም አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚሰባሰቡበት በጉድኝት ማዕከሉ ስብሰባ ላይ ስምሽን ያነሳሉ። ወረዳው «ምርጥ ተሞክሮ ቀምሮ ማስፋት» የሚል ግዴታ በየዓመቱ አለበት፤ ቀምሮ የሚያቀርበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሱፐርቫይዘሩ ነው።

ደብዳቤው በርዕሰ መምህሩ ፊርማና በትምህርት ቤቱ ማኅተም ይውጣ እንጂ ባንቺ ስም አይሁን። ዕቅዱና ቃለ ጉባኤው ይያያዙበት። ጥያቄው ሁለት ብቻ ይሁን፤ ዕቅዱ እንዲጸድቅና ጽሕፈት ቤቱ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ። ግልባጭ ለጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ። መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥርና ቀን ሳትቀበይ እንዳትመለሺ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ነው።

ያቺ የትብብር ደብዳቤ ለምን አስፈለገች? ግብርና ጽሕፈት ቤቱ የራሱ ኮታ አለበት። በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ አለ፤ ከ2015 ወዲህ የሌማት ትሩፋት መጥቷል፤ የጓሮ አትክልትም በሪፖርቱ ይቆጠርበታል። የቀበሌው የልማት ባለሙያ አራት የተስተካከለ መደብ፣ ከነመዝገቡ፣ በመንገድ ዳር ቢያገኝ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው እሱን ነው። ዘሩንና ምክሩን ከዚያ ታገኛላችሁ፤ ባለቤትነቱ ግን ከትምህርት ቤቱ አይውጣ። ለደብረ ብርሃን ቅርብ ከሆናችሁ ደግሞ የግብርና ምርምር ማዕከሉና ዩኒቨርሲቲው አሉ፤ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት ስላለበት ከትምህርት ቤት የሚመጣ ጥያቄ ይሰማል። ወደዚያም ስትሄዱ በወረዳው ሸኚ ደብዳቤ ይሁን።

በ18 ሺህ ብሩ ልትገዢው ያሰብሽውን አብዛኛውን ያለ ብር ማግኘት ይቻላል። አጥር ለእኛ አገር ሰው ችግር አይደለም፤ ድንጋይ መካብ የማያውቅ አባወራ በደጋው የለም፣ አንድ ቅዳሜ ይበቃል። በግ እንዳይገባ ወገብ ድረስ ይነሳ። ካቡ ለውርጩም እንደሚጠቅም ነግሬሻለሁ። እበት ግን ወላጅን አትጠይቂ። በእኛ ደጋ እበት ኩበት ነው፤ ምድጃ ላይ ይነዳል፣ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ እበት ስጡኝ ማለት እንጨት ስጡኝ ማለት ነው። የበግ በጠጥና አመድ ጠይቂ፤ እያንዳንዱ ልጅ በፌስታል ይዞ ቢመጣ ማንም አይጎዳም። ለኮምፖስት የባህር ዛፍ ቅጠል አታግቢበት፤ ቶሎ አይበሰብስልሽም።

ውኃውን ደግሞ በቁጥር አስቀምጪው፤ ርዕሰ መምህሩ የሚፈሩት እሱን ነውና። አራቱ መደቦችሽ እያንዳንዳቸው 6 ካሬ ሜትር ቢሆኑ በድምሩ 24 ናቸው። በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ብትይዢ 120 ሊትር፣ ማለት ስድስት ጀሪካን ነው። አንድ መቶ ሃያ ልጅ በአንድ ሊትር ሃይላንድ አንድ አንድ ቢያመጣም ይሞላል። ሂሳቡን ልጆቹ ራሳቸው ሠርተው በሰሌዳው ይጻፉት። የእጅ መታጠቢያችሁ ፍሳሽም ወደ መደቡ ሊሄድ ይችላል፤ ትንሽ ቦይ ነው የሚፈልገው።

ከኅዳር እስከ ጥር ድንችን ሜዳው ላይ አትትከሉ። በዚያ ጊዜ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ውርጩን ይችሉታል። ድንች ካስፈለገ ካቡን ተጠግቶ አንድ መስመር ይበቃል፤ ግማሹን ማታ ማታ ገለባ አልብሱት፣ ግማሹን ተዉት፣ ጠዋት ልጆቹ ይመዝግቡ። የወረዳውን ኃላፊ የምትጋብዢው ያን ጊዜ ነው። በምረቃ ቀን ሪባን እንዲቆርጡ አይደለም፤ በታኅሣሥ ጠዋት፣ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ በፊት፣ አመዳዩ ሳይሟሟ። አንቺ ከጎን ቁሚ፤ ደብተር የያዘ ልጅ ይናገር።

እስከዚያ ግን በዚህ ሳምንት በበልጉ እርጥበት ጎመን ዝሩ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይደርሳል፣ ዕቅዱም ለውይይት ጠረጴዛ ላይ የሚሆነው በዚያው ጊዜ ነው። የመዝገብ ቤቱን ቁጥር ስታገኚ ጻፊልኝ። እነዚያ እሁድ የሚመጡት ልጆችሽ ስንት እንደሆኑም ንገሪኝ።